መብራቱ የሚበራው መንዝ ሲደርስ ነው

ቼክ ኢንጂን በርቶበት ጋራዥ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ኮምፒውተር አስነብብልኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን ማንበቢያውን ከመሳቢያ ሳላወጣ ጥያቄ አበዛለሁ። የት በራ? ሽቅብ ላይ ነው ወይስ ቁልቁለት? ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ? በመጨረሻ ቤንዚን የቀዳኸው የት ነው፣ ከማደያ ነው ወይስ መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጠው? ደንበኛው ግራ ይጋባል፤ አንዳንዱም ችሎታዬን ይጠራጠራል። ማሽን በግማሽ ደቂቃ የሚናገረውን ለምን በወሬ እንደማቆየው አይገባውም። ማሽኑ ግን የሚነግረኝ ኮምፒውተሩ ምን እንደተሰማው ነው። ምን እንደተበላሸ አያውቅም። እንጀራዬ ያለው በእነዚህ በሁለቱ መሀል ነው።

ጋራዤ ደብረ ብርሃን ነው፤ ከባሕር ወለል 2840 ሜትር ገደማ ላይ። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማበር የሚወጣ መኪና ወደ 2000 ሜትር የሚጠጋ ዳገት ይጎትታል። ጣርማበር ላይ ጣሊያን የፈለፈለው መሿለኪያ ውስጥ ሳይገባ ወደ ሰሜን የታጠፈ ደግሞ መዘዞን አልፎ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ጓሳ ነው፤ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር። በሌላ ወገን ከሌሚ ወደ ጀማ ወንዝ ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ እንደገና ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣው የመርሐቤቴ መንገድ አለ። መኪናን ባለበት አቁሞ ጎማውን በከባድ ሮለር ላይ እያስሮጡ የሚፈትሹበት ማሽን አለ። እኔ የለኝም፤ ዳገት ግን ሞልቶኛል።

መብራቱ ለሞተር ደኅንነት ተብሎ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የካሊፎርኒያ ጭስ ነው ያመጣው። የሎስ አንጀለስን አየር የበከለው የመኪና ጭስ ስለነበር፣ የግዛቲቱ የአየር ጥበቃ ቦርድ መኪኖች የራሳቸውን ጭስ እንዲቆጣጠሩ፣ ሲበላሹም መብራት አብርተው እንዲናገሩ አስገደደ። ዛሬ በየመሪው ሥር የምናየው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ ግዴታ ሆነ፤ አውሮፓም በ2001 ለቤንዚን መኪኖች ተከተለች። ስለዚህ ይህ ብጫ መብራት የሚጠብቀው የሚወጣውን ጭስ ነው። ዘይት ቢጎድል ዝም ይላል፤ ፍሬን ቢያልቅ፣ ፍሪሲዮን ቢንሸራተት ጉዳዩ አይደለም። በአንጻሩ ሞተሩ ሰላም ሆኖ ሳለ የነዳጁና የአየሩ መጠን ትንሽ ሲዛባ ይጮኻል።

ሶኬቱ ከመምጣቱ በፊት የተሠሩት ቶዮታዎች ሌላ ዓይነት ናቸው፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ኮፈኑን ከፍተህ ትንሿን ጥቁር ሳጥን ታገኛለህ፤ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ ታገናኛለህ፤ ቁልፍ ትከፍታለህ። መብራቱ ራሱ ብልጭ እያለ ይቆጥርልሃል። ሁለት ብልጭታ፣ ፋታ፣ ከዚያ አምስት ብልጭታ ካየህ 25 ነው፤ ነዳጅ አንሶ አየር በዝቷል ማለት ነው። ስልክ አያስፈልግ፣ ቻርጅ አያስፈልግ። መብራት በጠፋበት ቀንም ይሠራል።

አሁን ጠፍቶ ወደሚመለሰው መብራት ልምጣ። ብዙ ሰው የማያውቀው የኮምፒውተሩ የራሱ የጥንቃቄ ሕግ አለ። የአየርና የነዳጅ መዛባትን አንዴ ቢያይ ወዲያው አያበራም፤ በማስታወሻው ይዞ ይጠብቃል። በሚቀጥለውም ጉዞ ያንኑ ካየ ነው መብራቱን የሚያበራው። ሦስት ተከታታይ ጉዞ ጤናማ ሆኖ ካገኘው ደግሞ ማንም ሳይነካው መልሶ ያጠፋዋል። ኮዱ ግን ሞተሩ ወደ 40 ጊዜ ያህል በርዶ እስኪሞቅ ድረስ በማኅደሩ ይቆያል። «ራሱ በራሱ ዳነ» የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሕመሙ የሚነሳበት ሁኔታ ስላልተገናኘ ብቻ መብራቱ ጠፍቷል።

ሰው ይህን ስለማያውቅ ያስጠፋል፤ አስነብቦ፣ አስጠፍቶ፣ ከፍሎ ይሄዳል። ሲመለስበት ሌላ ጋራዥ ያስነብባል። ኮዱ በጠፋ ቁጥር ደግሞ ከእሱ ጋር አብሮ የሚጠፋ ትልቅ ነገር አለ። መብራቱ በበራባት ቅጽበት ኮምፒውተሩ የሞተሩን ሁኔታ ይመዘግባል፤ የራዲያተሩ ውሃ ሙቀት ስንት ነበር፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ይዞር ነበር፣ መኪናው ይሄድ ነበር ወይስ ቆሞ ነበር። ለእኔ ከኮዱ ይልቅ ይህቺ መዝገብ ትበልጥብኛለች። በርካሽ ስልክ ማንበቢያ «አጥፋ» የሚለውን የሚጫን ሰው ብቸኛውን ምስክር ማባረሩን አያውቅም። ከዚህም የባሰ አለ። ሊሸጥ ሲል አምፖሉን ነቅሎ የሚያወጣ ባለመኪና አጋጥሞኛል። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሰዎች ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና እዩ፤ ቼክ ኢንጂኑ መብራት አለበት። ካልበራ ዋጋው ላይ ከመነጋገር በፊት ስለ አምፖሉ ተነጋገሩ።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት በአንዲት ሴሊካ ምክንያት ነው። የ2001 ቶዮታ ሴሊካ፣ ከአውሮፓ የገባች፣ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር፣ አዲስ ሳለች 143 የፈረስ ጉልበት ያላት። በእኛ መንገድ የስፖርት መኪና መያዝ ፍቅር ካልሆነ በቀር ምክንያት አይገኝለትም፤ ሆዷ መሬት ለመሬት ነው፣ ኮረኮንች ባየች ቁጥር ባለቤቷ ይሳቀቃል። ግን ሰው የያዘውን አይለቅም፤ ቢለቅስ ምን ይተካል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። የገባው ገብቷል። እሱን ማኖር የእኛ ሥራ ሆነ።

ባለቤቱ አዲስ አበባ የሚኖር ወጣት ነው፤ ቤተሰቦቹ መሐል ሜዳ ናቸው። ለበዓል ሲሄድ መብራቱ ይበራል፤ አዲስ አበባ ተመልሶ ጥቂት ቀን ሲነዳት ይጠፋል። ኮዱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ፒ0171። አየር በዝቷል፣ ነዳጅ አንሷል። አንድ ጋራዥ ኦክስጅን ሴንሰሩን ቀየረለት፤ ሲመለስበት ከሶማሌ ተራ ሌላ ተገዝቶ እንደገና ተቀየረ። ኦክስጅን ሴንሰሩ የጭስ ቱቦው ላይ ተቀምጦ የሚወጣውን ጭስ የሚያሸት ነው፤ አየር በዛ ብሎ የተናገረውም እሱ ነው። ጅብ መጣ ብሎ የጮኸውን ውሻ ሽጦ ሌላ ውሻ መግዛት ይሏል ይህ ነው። ጅቡ የት ሄደ?

ወደ እኔ የመጣው ከአጎቱ ጋር ነበር፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከወንበሩ በግድ የወጡ የመንዝ ሰው። ልጁ የራሱ መላምት ነበረው። «ጋሼ፣ እዚያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሴንሰሩ ይሳሳታል አሉኝ» አለኝ።

አጎቱ አላስጨረሱትም። «የምን ስስ አየር! ብርዱ ነው። የመንዝ ውርጭ እኛን የለመድነውን እንኳ ያኮማትረናል፤ ይቺን የፈረንጅ ዕቃ እንዴት ይማራት!»

ልጁ ሳቀ። እኔም ከአክብሮት የተነሳ ዝም አልኩ እንጂ ያኔ ብዙም አልሰማኋቸውም። መጀመሪያ የስስ አየሩን ነገር ማጥራት ነበረብኝ፤ ምክንያቱም በዚህ አካባቢ በየጋራዡ የሚሰማ ሰበብ ነው። እውነትነት ያለው ግማሹ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው፤ አዲስ አበባ ወደ 76 ይወርዳል፤ ደብረ ብርሃን 72 አካባቢ፤ ጓሳ ላይ 3500 ሜትር ከደረሱ 66 ገደማ። ስለዚህ ያቺ 143 የፈረስ ጉልበት እኛ ጋ መቶ አካባቢ ብትሆን ነው። ውሃም በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የራዲያተር ክዳኗ ላልታ ከሆነ ዳገት ላይ ታፈላለች። ጉልበት ማጣት ግን ሌላ ነው፣ መዛባት ሌላ። ሴሊካዋ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ የጋለ ሽቦ አላት፤ ሽቦውን የሚያቀዘቅዘው የሚያልፈው አየር ብዛት ነውና ኮምፒውተሩ አየሩን መዝኖ የሚያውቀው በዚያ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሚዛኑም ያንሳል፤ የሚረጨው ቤንዚንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስስ አየር ብቻውን ይህን መብራት ሊያበራ አይችልም።

በመንገዴ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አየሩን በሽቦ ሳይሆን በግፊት የሚገምቱ እንደ አሮጌው ቪትዝ ያሉ መኪኖች ላይ የከፍታው ሰበብ አልፎ አልፎ ይሠራል። አንዳንዶቹ አሮጌ ኮምፒውተሮች የአካባቢውን ግፊት የሚለኩት ቁልፍ ሲከፈት ነው። ጀማ ወንዝ አጠገብ በቆላው ሙቀት ምሳውን በልቶ የተነሳ ሾፌር ዳገቱን ሳያቋርጥ ሲወጣ፣ ኮምፒውተሩ የያዘው የሸለቆውን አየር ሊሆን ይችላል። አፋፉ ላይ ቆም ብሎ አጥፍቶ ማስነሳት መፍትሔ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ያየ ሰው ነው ለሁሉም መኪና «ከፍታ ነው» እያለ የሚያወራው።

ሴሊካዋ ጋ ስመለስ፣ እንደ ዕድል ሆኖ ልጁ ከመሐል ሜዳ ሲወርድ መብራቱን አላስጠፋም ነበር። መዝገቧን አነበብኩ። የውሃ ሙቀት 29 ዲግሪ፤ ፍጥነት ዜሮ፤ ሞተሩ እንደ ማንኛውም ያልሞቀ ሞተር ከፍ ብሎ ይዞራል። መኪናዋ ቆማለች፣ ቀዝቃዛ ናት። ዳገት የለም፣ ጭነት የለም። ልጁን «ጠዋት እዚያ ስትሆን ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። «አስነስቼ እተዋታለሁ፤ ቡናው እስኪፈላ ትሞቃለች» አለኝ። አዲስ አበባስ? አዲስ አበባ ጣሪያ ሥር ነው የምታድረው፤ ሥራ እንዳይረፍድበት አስነስቶ ወዲያው ይወጣል።

እዚህ ላይ ነገሩ መልክ መያዝ ጀመረ፤ ግን መልክ ያዘ ብሎ ዕቃ መፍታት አይገባም። ኮምፒውተሩ ጭሱን እያየ ቤንዚኑን በመቶኛ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ ይህን ማስተካከያ በስልኩ ማንበቢያ በቀጥታ ማየት ይቻላል። ከ10 በመቶ በታች ከሆነ አልጨነቅም። 20ን አልፎ ወደ 25 ሲጠጋ ኮዱ ቅርብ ነው። ቁጥሩ ስንት መሆኑን ብቻ ማወቅ ግን አይበቃም፤ የሚያድገው መቼ ነው? የቤንዚን ፓምፕ ከደከመ ወይም ፊልትሮው ከተዘጋ ቁጥሩ የሚያድገው ቤንዚን በብዛት በሚፈለግበት፣ ዳገት ላይ ነው። የአየር መለኪያው ሽቦ አቧራ ከጠጣም እንደዚሁ ጭነት ሲበዛ ይብሳል። በሽቦው ያልተመዘነ አየር በስንጥቅ ሾልኮ የሚገባ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ የሾለከችው ድርሻዋ ትልቅ ነው፤ ጋዝ ሲሰጠው ግን ዋናው አየር ይበዛና እሷ አትታይም።

ስለዚህ ሄድን። ልጁ ይነዳል፣ እኔ ስልኩን ይዣለሁ። ጣርማበርን በመሿለኪያው አልፈን ደብረ ሲና ወረድን፤ ከዚያ ጫን ያለ ጋዝ እየሰጣት ሽቅብ ተመለስን። ቁጥሩ ከዜሮ ብዙም ሳይርቅ ጣርማበር ደረሰ። ፓምፑ ነጻ፣ ፊልትሮው ነጻ፣ የአየር ሽቦው ነጻ። ያ ዳገት ቢያንስ ሦስት ዕቃ ከመቀየር አዳነው። ጋራዥ ስንመለስ ሞተሩ እንደሞቀ በዝግታ አስዞርነው፤ 6 በመቶ። ይህም በደለኛ አያሰኝም። ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለውን የላስቲክ ቱቦ አጣጥፌ አየሁ፤ በእኛ ኮረኮንች ሞተሩ ሲወዛወዝ የሚሰነጠቀው መጀመሪያ እሱ ነው። ደህና ነበር። የዘይት ክዳኑ፣ የዘይት መለኪያው፣ የሞተሩን ትንፋሽ የምትመልሰው ቀጭን ቱቦ፣ ሁሉም ደህና።

ያኔ ነው የአጎቱ ቃል ትዝ ያለኝ። «መኪናዋ ደጅ ትደር» አልኩ። ታኅሣሥ ነበር፤ በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ደጅ ማደር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጁ ኮፈኑ ላይ ባና ላልብስ ብሎ ለመነኝ፤ ከለከልኩት።

ጎህ ሲቀድ መስታወቷ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ነበር። አስነሳናት። ኦክስጅን ሴንሰሩ እስኪሞቅ ጥቂት ጠበቅን፤ ከዚያ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። 12፣ 17፣ 22። የአንድ ክንድ ጎማ ቱቦ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጫፉን አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ አስኬድኩት። አንድ ቦታ ላይ፣ ዳሩ ጋ፣ ቀጭን ፉጨት አለ። አንዳንዱ መካኒክ ለዚህ የካርቦሬተር ማጽጃ ወይም ቤንዚን ይረጫል፤ እሳት የሚያስነሳ ሥራ ነው፣ አልመክርም። እኔ ውሃ ረጨሁበት። ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፤ ቁጥሩም ወደ ታች ወረደ። ውሃው ተሳበ፤ ቁጥሩ ተመለሰ። ረፋድ ላይ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ እዚያው ቦታ ብረጭ ምንም የለም። ፉጨቱም ጠፍቷል።

ጓርኒሲዮኑ ነበር። በማኒፎልዱና በቴስታታው መሀል ያለው ላስቲክ ዕድሜ ሲጠግብ ይደርቃል፤ ብርድ ሲነካው ይኮማተራል፤ ሞተሩ ሲሞቅ መልሶ ያብጥና ይዘጋል። በዚህ ሞተር ላይ በቀዝቃዛ አገሮች የታወቀ ችግር ነው። አዲስ አበባ ቀን ሲፈተሽ የማይገኘው፣ ስካነሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን የማያሳየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሞቆ የተፈተሸ ሞተር ጤነኛ ነው። በሽታው የሚገኘው ውርጭ ውስጥ፣ በዝግታ በሚዞር ሞተር ላይ፣ ቡና እስኪፈላ ባለው ጊዜ ብቻ ነው። አጎትየው አልተሳሳቱም ነበር። ይህን ስነግራቸው አልኮሩም፣ አልተገረሙምም፤ «እኮ!» ብለው ጋቢያቸውን አጠበቁ።

አዲሱ ጓርኒሲዮን ከአዲስ አበባ መጣ። ሥራው ቀላል ነው፤ ሁለቱን ፊቶች ሳይጭሩ ማጽዳት፣ ብሎኖቹን ከመሀል ጀምሮ በየተራ እኩል ማጥበቅ። ኮዱን አጥፍቼ መኪናዋን አሁንም ደጅ አሳደርኳት፤ ጠዋት ቁጥሩ 5ን ሳያልፍ ሞቀች። በማግስቱም እንደዚያው። ኮምፒውተሩ ሁለት ጉዞ ይጠብቃልና እኔም ከሁለተኛው ጠዋት በፊት «ዳነች» አልልም፤ ማስታወሻው ውስጥ በተጠባባቂነት የተያዘ ነገር እንደሌለ አይቼ ነው የማስረክበው።

ሳስረክብ ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር ነገርኩት፤ መብራቱ ፈጽሞ ስለማይነግረው። የዘይት መለኪያዋን ሳወጣ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ወርዶ ነበር። ይህ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲሠራ ፒስተኑ ላይ ከፋሻው ሥር ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች አንሰው ነበርና፣ በካርቦን ሲደፈኑ ዘይት ይበላል። ሞተሩ ዘይት አጥቶ እስኪነክስ ድረስ ቼክ ኢንጂኑ ላይበራ ይችላል። የሚቃጠለው ዘይት ውሎ አድሮ ጭስ ማጣሪያውን ይገድልና ያኔ ፒ0420 የሚባል ሌላ ኮድ ይመጣል፤ ልጁም መብራቱ ተመለሰ ይለኛል። ቤንዚን በቀዳ ቁጥር የዘይት መለኪያውን እንዲያወጣ አስማልኩት።

ቀሪው የሒሳብ ነገር ነው፤ በዚህ ሙያ እስካሁን ያልገራሁት እሱን ነው። ሰው ለዕቃ ይከፍላል። ሁለት ኦክስጅን ሴንሰር ሲገዛ ልጁ ዋጋ አልተከራከረም፤ በእጁ የያዘው አዲስ ካርቶን ነበር። የኔ ጓርኒሲዮን መዳፍ የማትሞላ ላስቲክ ናት። የጣርማበሩን መንገድ፣ ደጅ ያደረችበትን ሌሊት፣ ጆሮዬ ላይ የያዝኩትን ቱቦ ምን ብዬ ላስከፍል? ደረሰኙ ላይ ሦስት መስመር ጻፍኩ፦ ጓርኒሲዮን፣ የእጅ ዋጋ፣ ፍተሻ። ልጁ ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ጋሼ፣ ይቺ ፍተሻ የምትለዋ ምንድን ናት?»

«የቀረው ሁሉ ናት» አልኩት።

ሌሎቹን ሁለቱን ሳያነሳ በእሷ ብቻ ተከራከረኝ። በመጨረሻ ግማሿን አስቀነሰ፤ አጎቱ ደግሞ ከኪሳቸው አውጥተው ሞሉለት።